አባባ የሳቁበት ሳምንት

ሁለት ሽማግሌዎች ዝናብ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ባርኔጣ ውስጥ ሾርባ ይጠጣሉ። ሙሉ ልብስ ለብሰው ክራባት አስረዋል፤ ፊታቸው ላይ የፈገግታ ምልክት የለም። ዝናቡ ባርኔጣው ውስጥ ስለሚገባ ሾርባው አያልቅም። ሾርባ ሳይጨርሱ ከገበታ መነሳት ደግሞ ነውር ስለሆነ አይነሱም። ይመሻል፣ ይነጋል፣ ጢማቸው ያድጋል። በመሃል አንደኛው ከአፉ ረጅም ፀጉር ጎትቶ ያወጣል፤ ትንሽ አየት ያደርገውና በክብር አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። አለቀ። ቀልዱ ይኸው ነው።

እንግሊዞች ይህን ጉድ በቴሌቪዥን የሠሩት እኔ ሳልወለድ ነው ይባላል። ዛሬም ሰው ያየዋል፤ ዛሬም ይስቃል። እኔን ግን ቋቅ ይለኛል። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ስጠርግ፣ የሰው ፀጉር ከሻወር ቀዳዳ ስለቅም እውላለሁ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ከሰው አፍ ፀጉር ሲወጣ ማየት አልፈልግም። በምግብ የሚቀልድ ሰውም አልወድም። ማንንም ሳይነካ ዝም ብሎ የሚቀልድ ሰው ደግሞ ከሁሉም ይብስብኛል፤ ቀልድ ቢያንስ አንድ ሰው መንካት አለበት ብዬ ነው ያደግኩት።

ይህን ነገር ቤታችን ያስገባችው ልጄ ናት። እዚሁ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ሃይስኩል ልትጨርስ የደረሰች ልጅ ናት። ጓደኞቿ ሁሉ በስልካቸው ይላላኩታል፤ ምሳ ሰዓት ላይ እየተቀባበሉ በቃላቸው ይሉታል። አንድ ቀን አልቻልኩምና፣ "እነዚህ ሰዎች እኮ አያቶችሽ ይሆናሉ፤ ምናቸው ነው የሚያስቅሽ?" አልኳት።

"ማሚ፣ እንዲያውም አብዛኞቹ ሞተዋል" አለችኝ።

"ታዲያ የሞተ ሰው ምን ያስቃል?"

"ማሚ! ዛትስ ኖት ዘ ፖይንት።"

ለእሷ ሁሉም ነገር ፖይንት አለው፤ እኔ ግን አንዱንም አግኝቼው አላውቅም። ሥራ ቦታም እንደዚሁ ነው። የማጥባቸው አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ አሉ፤ የገዛ ሚስታቸውን ስም ረስተው "ይቺ ደግ ሴት ማናት?" ብለው ይጠይቁኛል። የዚያን ፕሮግራም ቃል ግን ከነድምፁ ያውቁታል። ሚስትየዋ ልትጠይቃቸው መጥታ አጠገባቸው እየተቀመጠች እሳቸው የሾርባውን ሰውዬ ድምፅ ያወጣሉ። እሷም አብራ ትስቃለች። የመጀመሪያ ቀን ሳይ የሳሙናውን ውሃ ይዤ ወጣሁ፤ እውነቴን ነው፣ አንገሸገሸኝ። የሰው አእምሮ ሚስቱን ጥሎ ይሄን አተላ የሚይዝ ከሆነ ምን ይባላል?

አባቴ ከእኛ ጋር መኖር የጀመሩት እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። ፒዮሪያ ስትሪት አካባቢ፣ አራት አንድ ዓይነት ሕንፃዎች የመኪና ማቆሚያውን ከበው በቆሙበት ግቢ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ትራክ ስለሚነዳ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለነው ሦስታችን ነን። አባባ እንግሊዝኛ አያውቁም። "ታንክዩ" እና "ኖ ሹገር" ይላሉ፤ ከዚያ ውጭ ያለውን በእጃቸው ይጨርሱታል። ደህና ቀን ሲሆን በአስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ኮልፋክስ ጎዳና ድረስ ይሄዱና ከሐበሻ ሱቁ በስተኋላ ካሉት ወንበሮች ላይ ከእኩዮቻቸው ጋር ሻይ ይጠጣሉ። በረዶ ሲሆን ቤት ይቀመጣሉ። የአገር ቤቱን ቴሌቪዥን ትንሽ አዩና ተዉት፤ "ዜናው ያው፣ የሚያነበው ብቻ ነው የሚቀያየረው" አሉ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ሳለሁ ከቤቴ ውስጥ የማላውቀው ሰው ሳቅ ሰማሁ። ወፍራም፣ መሃል ላይ እየተቆራረጠ ሳል የሚሆን ሳቅ። እንግዳ መጥቶ ነው ብዬ ሻርፔን አስተካክዬ ገባሁ። እንግዳ የለም። አባባ ናቸው። እናቴ ከተቀበረች ወዲህ ጥርሳቸውን አይቼው አላውቅም ነበር፤ አሁን ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ይንፈራፈራሉ። ልጄ አጠገባቸው ሶፋው ላይ ተጣጥፋ ተቀምጣለች። ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ እንግሊዞቹ አሉ።

አንድ ሐኪም የታመመ ሰው ሊያይ ቤት ይመጣል። ታማሚውን ከአልጋው አስወርዶ ወለል ላይ ያስተኛውና አልጋውን መመርመር ይጀምራል። ፍራሹን ያዳምጣል፤ እግሩን በመዶሻ ይመታል፤ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ሚስትየዋን ጥግ ይወስድና፣ ልጄ እንደተረጎመችልኝ፣ "ይቅርታ እመቤቴ፣ እስከ ነገ አይደርስም" ይላታል። ሚስትየዋ አልጋው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች፤ ባልየው ከወለሉ ተነስቶ እያሳለ ያጽናናታል።

"በሞት ይቀለዳል እንዴ?" አልኩ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ።

"ዝም በይ እስቲ፣ ልየው" አሉኝ አባባ።

"ምን ገብቶዎት ነው ግን የሚስቁት? ቋንቋውን አያውቁት።"

"ቋንቋ ምን ያደርጋል? ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ።" ወደ እኔ ዞሩ። "ዕድሜ ልኬን መዝገብ ቤት አይደለም የሠራሁት? ፋይል ይጠፋል። ባለጉዳዩ ፋይሌ ጠፋ ብሎ ይመጣል። እኛ ደግሞ፣ ፋይሉ መጥፋቱን የሚገልጸው ደብዳቤ ከፋይሉ ጋር ካልተያያዘ አይሆንም ብለን እንመልሰዋለን። እኔ ራሴ፣ በዚህ አፌ፣ ክራባት አስሬ! ሰውየው አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም። ያኔ መሳቅ ይቻል ነበር? ያኔ ያልሳቅኩትን ነው አሁን የምስቀው።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አባቴ ወረቀቱን ለቀው ሳቁን ያዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለቱ ቴሌቪዥኑ ፊት ይሰየሙ ጀመር። "አባባ ና፣ እየው፣ ይሄኛው በጣም ያስቃል" ትላቸዋለች። አንተ እያለች። እኔ ላርማት ስል እሳቸው እጃቸውን አነሱብኝ፤ "ተያት፤ እናትሽ ከሞተች ወዲህ አንተ የሚለኝ ሰው አጥቼ ነበር" አሉ። ወጥ ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ። ሳቃቸውን ወደድኩት፤ የሚያስቃቸውን ነገር ግን እንደ በፊቱ እጠላዋለሁ። ቴሌቪዥኑን ባለፍኩ ቁጥር አፌን አጣምም ነበር።

ከዚያ ያ እሁድ መጣ። ሞንትቤሎ ሰፈር የምትኖር አንዲት ጓደኛዬ ልጇን ክርስትና አስነስታ ግብዣ ላይ ነበርኩ። አባባ በረዶውን ፈርተው ከልጄ ጋር ቤት ቀርተዋል። ስልኬ ጠራ፤ አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት። ወንድማችን፣ የአባባ የመጨረሻ ልጅ፣ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ሲለባብስ ወድቆ በዚያው ቀረ። ልቡ ነው አሉ። አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም። እህቴ እያለቀሰች የምትለው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "አባባ እንዳይሰሙ! ደማቸው ከፍ ይላል። በስልክ አይሆንም፤ በወጉ ይረዱ።"

የሰው ጓዳ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። የእድራችን ሰብሳቢ እዚያው ግብዣ ላይ ነበሩና ጠርተዋቸው መጡ። ኤርፖርት ሻትል የሚነዱ፣ መርዶ በማርዳት የታወቁ ትልቅ ሰው ናቸው። ቁጭ ብለው ስልካቸውን አወጡና ማን መቼ እንደሚመቸው መጠየቅ ጀመሩ። ቄሱ እስከ ዓርብ ሥራ አላቸው። አንዱ ሽማግሌ ሌሊት ነው የሚሠሩት። ሌላው ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላቸው። በመጨረሻ፣ "ቅዳሜ ማለዳ ለሁላችንም ይመቸናል" አሉኝ።

"ቅዳሜ? ዛሬ እኮ እሁድ ነው፣ ጋሼ። እኔ ዛሬ ማታ ልንገራቸው።"

"አንቺ ልጅ፣ ብቻሽን አርድተሽ አንድ ነገር ቢሆኑ ምን ልትይ ነው? ወግ አለን። እስከዚያ ፊትሽን ጠብቂ፤ ምንም እንዳይጠረጥሩ።"

ለመከራከር አቅም አልነበረኝም። ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ መኪና ውስጥ ትንሽ ቆየሁና ወደ ቤት ሄድኩ። ደረጃው ላይ ስደርስ ያ ሳቅ ይሰማል።

ያን ሳምንት እንዴት እንደገፋሁት አላውቅም። አባባ በየማታው ለልጃቸው መደወል ይወዳሉ፤ ስልኩን የምደውልላቸው እኔ ነኝ። "ኔትወርክ የለም" አልኳቸው ሰኞ። ማክሰኞም ኔትወርክ የለም። "ምን ዓይነት አገር ነው!" አሉና ተናደዱ፤ ከዚያ ደግሞ ራሳቸውን አጽናኑ። "ግድ የለም፤ ኔትወርኩ ሲመጣ የአልጋውን ነገር እነግረዋለሁ። እሱ እንዲህ ዓይነቱ ነገር ይገባዋል። ሐኪሙ ፍራሹን እንዴት እንዳዳመጠው..." እያሉ ጆሯቸውን ሶፋው ላይ አድርገው አሳዩኝ። ልምምድ ነበር። ለወንድሜ እንዴት እንደሚነግሩት ይለማመዱ ነበር።

እኔ እንጀራ አዘዝኩ፤ ለቀስተኛ ይመጣላ። ቤት እንዳያዩት የመኪናዬ የኋላ ዕቃ መያዣ ውስጥ ደበቅኩት። ሱቁ ውስጥ ባለሱቋ "ነፍስ ይማር" አለችኝ በሹክሹክታ። ኮልፋክስ ላይ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሰምቷል። ረቡዕ ፀሐይ ወጣችና አባባ እምቢ ብለው በአውቶቡስ ወደ ወንበራቸው ሄዱ። ማታ ሲመለሱ ግራ ተጋብተው ነበር።

"ዛሬ ሰው ሁሉ ምን ነካው? አንዱ ሻይ ጋበዘኝ፤ ሳልጨርሰው ሌላው ደገመኝ። ያ ቆንቋናው ሰውዬ እንኳ ኪሱ ገባ! ጨዋታ ስጀምር ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ደግሞ የአልጋውን ነገር ነገርኳቸው።"

"ሳቁ?" አለቻቸው ልጄ።

"ማንም አልሳቀ! ድንጋይ ናቸው።"

ልጄ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ውሃውን ከፍታ ስታለቅስ ሰማኋት። እሷ ከመጀመሪያውም አልተስማማችም። "ማሚ፣ ልጁ ነው እኮ። ሂ ሃዝ ኤ ራይት። እናንተ ስኬጁል እስኪመቻችሁ ነው የምትጠብቁት" ብላኝ ነበር። እኔ ዝም አሰኘኋት፤ ወግ ነው አልኳት። አምኜበት ነው እንዳልል፣ የእድሩ ሰብሳቢ ያሉኝን ነው የደገምኩላት። እሷ ታዲያ የምታደርገው ስታጣ ያንኑ ፕሮግራም ከበፊቱ አብልጣ ትከፍትላቸው ጀመር። "ቢያንስ ይሳቅ" አለችኝ። እኔን ደግሞ ያ ሳቅ አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ልጁ አፈር ለብሶ አባት በባርኔጣ ሾርባ ሲስቅ ማየት ያስጠላል። እሳቸውን አልነበረም የጠላሁት፤ ግን ማንን እንደሆነ ለይቼ አላውቅም። ፊቴ ያስጠላኝ ነበር። መስታወት ፊት ቆሜ ፈገግታ ስለማመድ ያስጠላኝ ነበር።

ሐሙስ አልቻልኩም። ከሥራ ገብቼ ሳላናግራቸው ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

አባባ ገርሟቸው አዩኝ። "ምን አደረግኩሽ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

ምንም አላደረጉኝም። መልሼ ከፈትኩት።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ጥቁር ልብሴን ከስር ለብሼ የቤት ልብሴን ከላይ ደረብኩ። ልጄም ዓይኗ አብጦ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣለች። አባባ ግን እንደ ልማዳቸው ቀድመውን ነቅተው መስኮቱ ስር ያለው ወንበራቸው ላይ ናቸው። የግቢያችን በሮች ሁሉ ወደ ውጭ ነው የሚከፈቱት፤ ከመስኮታችን የመኪና ማቆሚያውና የፊት ለፊቱ ሕንፃ በር ሁሉ ይታያል። የቤት ቁጥራችን ደግሞ በአራቱም ሕንፃ ላይ አለ። ስልክ ላይ ያለው ካርታ ሁሉንም አንድ ቦታ ነው የሚያሳየው፤ ፒዛ የሚያመጡ ልጆች እንኳ ሁልጊዜ ይሳሳታሉ። ይህን ለሰብሳቢው ነግሬያቸው ነበር፤ የሕንፃውን ፊደልም ነግሬያቸዋለሁ።

ሦስት መኪና መጣና ቆመ። ሙሉ ልብስ ላይ ነጠላ ያጣፉ ስድስት ሽማግሌዎች በቆሸሸው በረዶ ላይ አንድ በአንድ እየረገጡ ወረዱ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘዋል። ተሰለፉ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡንና ወደ ፊት ለፊቱ ሕንፃ ሄዱ።

ወጥቼ ልጣራ ብል አባባ አጠገቤ ናቸው።

እዚያ ሕንፃ፣ በእኛው ቁጥር፣ አንዲት ወጣት ሙስሊም የአዲስ አበባ ልጅ ትኖራለች። ልብስ ማጠቢያው ጋ እንገናኛለን፤ ጥሩ ልጅ ናት። የጠዋት ሶላቷን ሰግዳ መሰለኝ፣ ሒጃቧን እንዳደረገች በሩን ከፈተች። ስድስት ሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ነጠላ አጣፍተው፣ አንገታቸውን ደፍተው። ሐበሻ ሆኖ ይህን አይቶ የማይገባው ማን አለ? አንድ ቃል ሳይናገሩ "እማዬን!" ብላ ጮኸች፤ በሩ ላይ ተዘረጋች።

አባባ ከወንበራቸው ተነሱ። "ውይ፣ ውይ፣ ያቺን ልጅ ማንን አረዷት?" አማተቡ። "ጫማዬን ስጪኝ። እንሂድ፣ ጎረቤት ናት፤ ብቻዋን ናት መሰለኝ።"

ጫማቸውን አልሰጠኋቸውም። በማለዳው ፀጥታ ከማዶ ድምፅ ይሰማል። ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው፣ "አይዞሽ፣ ማንም አልሞተም" ይላሉ። ይኸው ራሱ ነው መርዶ ሲጀመር የሚባለው። ልጅቷም ታውቀዋለች፤ "እንዲህ ነው የምትሉት! አትደብቁኝ! መቼ ነው የሞተችው?" ትላለች። ቄሱ "ልጄ፣ አናውቅሽም" ይላሉ። እሷ ይብስ ታለቅሳለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ የበሩን ቁጥር ያያል፤ ሌላው ነጠላውን እንዴት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል፤ አንዳቸውም ግን ፊታቸውን አልፈቱም። በመጨረሻ ልጅቷ እዚያው ወለሉ ላይ ሆና እናቷ ጋ ደወለች። ስፒከር ላይ ነበር። የአንዲት ሴትዮ ድምፅ ግቢውን ሞላው፤ "ሃሎ? ምነው በጠዋት? ምን ሆነሻል?"

ልጅቷ ተነሳች። ስልኩን አየች። ሽማግሌዎቹን አየች። ከዚያ የወረደባቸው ነገር እዚህ አይጻፍም።

አባባ እስኪገባቸው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ መስኮቱን ተደግፈው ሳቁ። "ቤት ተሳስተው!" አሉ። "ኧረ ቤት ተሳስተው ነው! መርዶ ይዘው ቤት ተሳሳቱ!" ትንፋሽ አጠራቸው። "ይሄማ ከእንግሊዞቹም ይበልጣል። እያቸው፣ ሁሉም ከነክራባታቸው! ፊታቸውን እይው!"

ጥርስ ባዳ ነው። እኔም ሳቅኩ። አፌን በሁለት እጄ ይዤ ሳቅኩ። ያ ለዓመታት ያንገሸገሸኝ ነገር ምኑ እንደሚያስቅ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሰው በሥርዓት፣ በክብር፣ ልቡን ሞልቶ የማይሆን ነገር ሲያደርግ ነው። እኛም ሳምንቱን ሙሉ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሾርባውን እየጠጣን ነበር።

ሰብሳቢው ስልካቸውን አወጡ። ቁጥር ነክተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ።

አባባ ወደ ኪሴ ዞሩ። ከዚያ ወደ መስኮቱ፣ ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደኛ ሕንፃ ቀና ወዳሉት ሰው። ከዚያ እንደገና ወደ እኔ። ከቤት ልብሴ ስር የወጣውን ጥቁር አንገትጌዬን አዩት። ሳቁ ፊታቸው ላይ እንዳለ ነው፤ ገና አልወረደም።

"ወደ እኛ ነው" አሉ።

ስልኩን ኪሴ ውስጥ ዘጋሁት።

"ማነው?"

ልጄ ከኋላዬ መጥታ እጃቸውን ያዘች።

"ትንሹ ነው?" አሉ። "ኔትወርክ የለም ያልሽኝ..."

"አዎ፣ አባባ።"

"መቼ?"

"እሁድ።"

ቆጠሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እያሉ። ከዚያ ቀና ብለው እኔንም ልጄንም አዩን።

"ስስቅ ታዩኝ ነበር?" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ገብተው በወጉ አረዱ። በወጉ ተለቀሰ። ያቺ የፊት ለፊቷ ልጅም ሒጃቧን እንዳደረገች መጥታ "ለለቅሶ የመጣ ሰው ተሳደብኩ" እያለች ከእኛ ጋር ወለል ላይ ተቀመጠች፤ የደበቅኩትን እንጀራ ከመኪናዬ ያወጣችው እሷ ናት። አባባ አልወደቁም፤ ደማቸውም አልጨመረም። ተነስተው ቆመው ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ አለቀሱ፤ ከእኛ ሁሉ የጠነከሩት እሳቸው ነበሩ። ሳምንት ሙሉ የፈራንላቸው ነገር አልሆነም። ሰብሳቢው ሲወጡ፣ "አየሽ፣ በወጉ ሲሆን እንዲህ ነው" አሉኝ። ፊታቸው ላይ ልተፋ ምንም አልቀረኝም።

ቤት መሳሳታቸው ኮልፋክስ ላይ ትልቅ ወሬ ሆኗል። አንዱ ልጅቷን ሆኖ ይወድቃል፣ ሌላው ሰብሳቢውን ሆኖ "ማንም አልሞተም" ይላል፤ ሱቁ በሳቅ ይፈርሳል። አባባ እዚያው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ቅር አይላቸውም፤ አይስቁም።

ሰንበት ብሎ ልጄ ቴሌቪዥኑን ከፈተችላቸው። እኔ ራሴ ነኝ ክፈቺላቸው ያልኳት፤ አሁንም ያስጠላኛል፣ ግን ያን ሳቅ ደረጃው ላይ መስማት አማረኝ። አባባ እምቢ አላሉም። እስከ ዛሬም ያዩታል።

አንድ ሰውዬ ክራባቱን አስሮ ቢሮ ውስጥ ቆሞ ምኑም የማይገባ ነገር በከባድ ፊት ያብራራል። የአባባ ከንፈር ይሸሻል፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ ያቆሙትና ወደ እኔ ይዞራሉ።

"ሁሉም ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው፣ አባባ።"

"አባቴ ይሙት በይ።"

"አባቴ ይሙት።"

ፊቴን ያዩታል። እስኪያምኑኝ ያዩታል፤ ረጅም ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ወደ ቴሌቪዥኑ ሲመለሱ የሚያስቀው ነገር አልፏል።